ሊቀ ሰልፍ ገብረየስና የእኔ ድንጋይ

ሰልፍ ባለበት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። ከፊቱ ስንት ሰው እንዳለ አንገቱን ሳያሰግግ ያውቃል። ስኳሩ ለማን እንደሚደርስና ማን ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል። መኪናው የት እንደቆመ፣ ለምን እንደቆመ፣ ሾፌሩ ምሳውን የት እንደበላ ያውቃል። ማንም አልሾመውም፤ የሚሽረውም የለም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ምናልባት ትናንት ባንክ ቤት ከኋላችሁ ቆሞ የትኛው መስኮት ቶሎ እንደሚሄድ ሳትጠይቁት ያስረዳችሁ እሱ ነው። እግዜር ለየሰልፉ አንድ አንድ ሲያድል ለእኛ ሰልፍ ከሁሉም የባሰውን መርጦ ሰጠን።

የእኛው ገብረየስ ይባላል። ሰው ሁሉ ጓድ የሚባልበት ዘመን ስለነበር በመዝገብ ጓድ ገብረየስ ነው፤ እኔ ግን በልቤ ሊቀ ሰልፍ የሚል ማዕረግ ሰጥቼዋለሁ። ዓመቱ ሰባ ስምንት ነው፤ ከተማዋንም ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። ባጃጅ አልነበረም፣ ብስክሌት ነበር። ስኳር፣ ሳሙና፣ ዘይት ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ይታደላል፤ ካርድ ያለው ሁሉ ግን አያገኝም፣ ቀድሞ የተሰለፈ ነው የሚያገኘው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናዘዝ። በዚህ ሰው እቀና ነበር። ቅናቴ የጨዋ ቅናት አልነበረም። ከክፍሌ ግድግዳ ወዲያ ሲያፏጭ ስሰማ ትራስ ጆሮዬ ላይ የምጭን ሰው ሆኜ ነበር።

እሱ ከመምጣቱ በፊት የሰፈሩ አዋቂ እኔ ነበርኩ። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ማመልከቻ የሚጻፍለት፣ ጋዜጣ የሚነበብለት፣ ለልጁ ስም የቸገረው ሁሉ የእኔን በር ያንኳኳል። በየሐሙሱ በቀበሌው አዳራሽ የሚደረገውን ውይይት ቃለ ጉባኤ የምይዘውም እኔ ነኝ። በሰፈሩ በዕድሜ የሚስተካከላቸው የሌለ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ክርክር በተነሳ ቁጥር «መምህር ግዛቸውን ጠይቁ» ይሉ ነበር፤ ይህች አንዲት አነጋገር ለእኔ ከደመወዝ ትበልጥ ነበር። ከዚያ ይህ የሒሳብ አስተማሪ ከደብረ ማርቆስ በዝውውር መጣና ከእኔ ክፍል ጎን ያለው የቀበሌ ቤት ተሰጠው። በሁለት ወር ውስጥ እኚሁ ወይዘሮ «እስቲ ገብረየስን ጠይቁ» ማለት ጀመሩ። ቦታዬን ወሰደብኝ። ይህን ለሰው መናገር አይቻልም፤ ከማን ጋር ተካስሼ የማስመልሰው ቦታ ነው?

እውቀቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ ደክሜአለሁ፤ ሐሳቤ መስረቅ ነበር። ሰውየው አይጠይቅም፤ ያያል። የሱቁ ሻጭ ኩማ አንድ ካፖርት ነበረው። ሳሙና በጠፋ ጊዜ የካፖርቱ አንገትጌ እንደ ድስት ቂጥ ይጠቁራል። አንድ ማክሰኞ ገብረየስ ከሩቅ አየው አየውና «ሳሙና ገብቷል» አለ። ኩማ ገና «አልገባም ብያለሁ» እያለ ሰው ያባርራል። አንገትጌው ግን ነጭ ነበር። ረቡዕ ሳሙና ታደለ። ለስኳር ደግሞ ኩማን አያየውም፤ ንቦቹን ነው የሚያየው። ከመጋዘኑ መስኮት ሥር ንብ ከበዛ «ተሰለፉ» ይላል። ዘይት የገባ እንደሆነ በኩማ መዝገብ ላይ አውራ ጣቱ ያረፈበት ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል። ይህን ሁሉ እኔም በየቀኑ አየው ነበር እኮ። ኩማን ከእሱ በፊት አራት ዓመት አውቀዋለሁ፤ ካፖርቱን ግን አንድ ቀንም አላነበብኩትም።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ የንቡን ነገር የሰሙ ዕለት አማተቡ። ወደ ጥግ ወስደውኝ ሰውየው ጠንቋይ ይሆን እንዴ ብለው ጠየቁኝ። «ነው» ልል ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ጠንቋይ አልነበረም። ጥንቆላ ቢሆንማ እጽናና ነበር። አንድ ነገር ሲያጠራጥረው ሦስት ግምት ይደረድርና «ከርካሹ እንጀምር» ይላል። ርካሽ የሚለው ለመፈተን ድካም የማይጠይቀውን ነው። መኪና ገባ የሚል ወሬ ሲናፈስ እኛ ብስክሌት እየነዳን መናኸሪያ ድረስ ሄደን አቧራ ቅመን እንመለሳለን። እሱ አሥር እርምጃ ሄዶ የመጋዘኑ ቁልፍ ላይ ሸረሪት አድርቶ እንደሆነ ያይና ተመልሶ ይቀመጣል። ሰው ግምቱን ሁሉ ልፈትን ቢል ዕድሜው አይበቃውም፣ ስለዚህ እንደ ገበያተኛ አቅሙን አይቶ የሚያዋጣውን ያስቀድም ይላል። ይህን ያገኘው ሽፋኑ ከተገነጠለ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። የጻፈው አንድ የሞተ አሜሪካዊ ነው፤ የሒሳብ ሰው ሆኖ ዕድሜውን ሙሉ ምልክት ምን እንደሆነ ሲያስብ የኖረ፣ ምልክትም ሒሳብም ገበያም በአንድ ክር የተሰፉ ናቸው የሚል። ስሙን ቢያንስ አሥር ጊዜ ነግሮኛል። በቅናት አልያዝኩትም።

ሌላም አባባል ነበረው። ሰልፉ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲጨቃጨቁ በመሐል ይገባና «እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ምን እናደርጋለን?» ይላል። አንዱ ዛሬ ይዘንባል፣ ሌላው አይዘንብም ሲል ዣንጥላቸውን ያያል። ሁለቱም ዣንጥላ ካልያዙ ክርክሩ ባዶ ነው፤ ሁለቱም የሚያምኑት አንድ ነገር ነው ማለት ነው። አንድ ነገር ለአንተ ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ከፈለግህ በእሱ ምክንያት ምን ለማድረግ እንደተዘጋጀህ እይ ይላል። ሰዎቹ እየሳቁ ይታረቃሉ። እኔ ተከራካሪዎችን ሳስታርቅ ግማሽ ቀን ይፈጅብኝ ነበር፤ ለዚያውም ሳይታረቁ ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። ያኔ ሰልፍ ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም። ሥራ አለ፣ ስብሰባ አለ። ስለዚህ ሰው ድንጋይ ያስቀምጥና ይሄዳል። ከሱቁ በር እስከ ውሃው ቦኖ ድረስ ሰማንያ ድንጋይ ተሰልፎ ታያላችሁ፤ ለከተማው እንግዳ የሆነ ሰው ድንጋዮቹ ስኳር የሚጠብቁ ሊመስለው ይችላል። አንድ ቀን የወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ድንጋይ ጠፋ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ጊዜዬ መጣ ብዬ ባለ ሁለት ገጽ የሰልፍ ደንብ አረቀቅሁ፤ መግቢያ ሁሉ ነበረው። ገብረየስ ደግሞ እንጨት አንስቶ መሬት ላይ ሦስት ነጥብ አደረገና በመስመር አገናኛቸው።

«ሦስት ነው» አለ። «ድንጋዩ አንድ። ባለቤቱ ሁለት። ሦስተኛው ድንጋዩን አይቶ የእሳቸው ነው ብሎ ቦታቸውን የሚጠብቅላቸው ሰው ነው። እሱ ከሌለ ይሄ ዝም ብሎ ድንጋይ ነው።»

ደንቡ ከዚያች ሦስት ነጥብ ወጣ። ጠዋትና ማታ ድንጋይ ይቆጠራል። ተራው የደረሰ ቆጣሪ ድንጋዩን እየነካ «የዚህስ?» ይላል። ባለቤቱ ወይም ስለ ባለቤቱ የሚመልስ ሰው «አለ» ይላል። «አለ» የሚል ያልተገኘለት ድንጋይ ይወረወራል። አንድ ሰው ደግሞ ለአንድ ድንጋይ ብቻ ነው የሚመልሰው፤ አለዚያ አንድ ጮሌ ለሃያ ድንጋይ እየጮኸ ሰልፉን ይወርሰዋል። «አንድ አፍ፣ አንድ ድንጋይ» አለ ገብረየስ፤ ሰዉ አጨበጨበ። የእኔን ሁለት ገጽ ኩማ ጨው ጠቀለለበት።

ይህንንም እችለው ነበር። ያልቻልኩት የታቢታን ነገር ነው።

ታቢታ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ በዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሚዛን ላይ ትሠራለች። የሲዳማ ልጅ ናት፤ አባቷ በሩ በታሸገ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ በሩ ከታሸገ በኋላ መዝሙሩን ቤታቸው ቀስ ብለው ይዘምሩታል። አማርኛዋ ቁጥብ ነው፤ አንድ ቃል በሚበቃበት ሁለት አታወጣም። አባ ኮዳ የሚባሉት የሐይቁ ትላልቅ አሞሮች ሚዛኑ ላይ ሲያንዣብቡ አንድ ጊዜ ዞር ብላ ስታያቸው ይርቃሉ፤ እኔም ስታየኝ እንደዚያው። ድንጋይዋ ሁልጊዜ ከእኔ ድንጋይ በሦስተኛው ነው። ለእሷ የምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። አንድ ዓመት ሙሉ ሳርመው ኖሬአለሁ። እናቴ የሚካኤል ማኅበርተኛ ናት፣ የእሷ ቤት ጴንጤ ነው፤ ይህን ሁሉ የሚችል ዓረፍተ ነገር መሆን ነበረበት። በልቤ ግን ያ ከእሷ ድንጋይ በሦስተኛው ያለው ቦታ የእኔ ነበር።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገብረየስ መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ሲስልላት፣ እሷ ቁጢጥ ብላ ስትስቅ አገኘኋቸው። ሳቋን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ በየሳምንቱ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቆሮሶ ዓሣ የገብረየስ በር እጀታ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ከዚህ በላይ ምን ምልክት ያስፈልገኛል? ዓሣው አንድ፣ ላኪዋ ሁለት፣ ሦስተኛው ደግሞ እያየሁ የምቃጠለው እኔ። በገዛ ትምህርቱ ነው የፈጀኝ። ሦስት ግምት መደርደሩ ትዝ አላለኝም። አንድ ግምት ብቻ ነበረኝ፤ እሱም ከሁሉ ውዱ። ጠይቄ መረዳት እችል ነበር፤ ግን የሚቀና ሰው የሚጠይቀው መልሱን ካወቀ በኋላ ነው።

የሚብሰው ደግሞ ዓሣውን ጠብሶ ግድግዳውን ያንኳኳል። «ና፣ ብቻዬን አልጨርሰውም» ይላል። ሄጄ እበላለሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ይህም አናደደኝ።

እንዲህ ሆኜ ነው አንድ ሐሙስ ወደ ውይይቱ የገባሁት። ውይይቱን የሚመራው ጓድ ሽፈራው የሚባል ካድሬ ነው። የዕለቱ ርዕስ የከበርቴ ፍልስፍናዎች ነበር። ከትንሽ መጽሐፍ እያነበበ ፕራግማቲዝም የሚባል የአሜሪካ ፍልስፍና መኖሩን፣ ይህም ለበዝባዥ ኪስ የሚጠቅመውን ሁሉ እውነት ነው የሚል መሆኑን አስረዳን። እኔ ቃለ ጉባኤ እየጻፍኩ ነው። እጄ ተነሳ። እጄ ብቻውን ተነሳ ብላችሁ አታምኑኝም፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት።

«ጓድ» አልኩ፣ «የአንድ ነገር ትርጉም በእሱ ምክንያት የምናደርገው ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ፕራግማቲስት ይባላል?»

ያችን አነጋገር ከሰልፉ የማያውቃት ሰው አልነበረም። ካድሬው መጽሐፉን ከደነና ማነው እንዲህ የሚለው ብሎ ጠየቀ። ቃለ ጉባኤዬ ላይ አቀረቀርኩ። ያኔ የወንበር ድምፅ ሰማሁ።

«እኔ ነኝ» አለ ገብረየስ።

ቆሞ አስረዳ፤ የድንጋዩን ነገር፣ የዣንጥላውን ነገር። ኪስ የሚባል ነገር በሐሳቡ ውስጥ እንደሌለ ተናገረ። ካድሬው ሳያቋርጠው ሰማው፤ ከዚያ ስሙን እስከ አያቱ ጠይቆ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ያን ጊዜ ስም ደብተር ላይ ሲጻፍ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ በቃለ ጉባኤው «ከተሰብሳቢ ጥያቄ ቀርቦ ማብራሪያ ተሰጥቷል» ብዬ አሳጠርኩት። ስወጣ ታቢታ በሩ ላይ ነበረች። አየችኝና ፊቷን አዞረች። ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ሰላምታዬን አልመለሱልኝም።

ቅዳሜ ወባ ጣለኝ። ተንቀጥቅጬ መሬት ላይ ወድቄ ሳለ ብስክሌት ላይ ጭኖ፣ በአንድ እጁ እኔን በአንድ እጁ መሪውን ይዞ ሆስፒታል ያደረሰኝ ማን እንደሆነ ለመገመት ሦስት ግምት አያስፈልጋችሁም።

ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። የወሩ የስኳር መኪና ዘግይቶ ስለነበር ድንጋዮቹ ከረቡዕ ጀምሮ ተሰልፈው ነው የተውኳቸው። ትኩሳቱ ሲለቀኝ የማስበው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው ገብረየስን ይወስዱት ይሆን የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ሳልዋሽ ልናገር፣ ድንጋዬ ነበር። ቦታዬ ሄዷል፣ ከእሷ በሦስተኛው ያለው ቦታዬ ተወርውሯል እያልኩ አልጋው ላይ እገላበጣለሁ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ወጥቼ ቤቴ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ በወረቀት የተጠቀለለ ስኳር አገኘሁ፤ ካርዴም ማኅተም ተመትቶበት አጠገቡ ተቀምጧል። ብዙም ሳይቆይ ታቢታ የዓሣ ሾርባ በጣሳ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆማ አቀበለችኝ።

«ስኳሩን ገብረየስ ነው የተቀበለልዎ» አለች። «ጠዋትም ማታም ድንጋይዎ ሲነካ ‹አለ› ይል ነበር።»

«የራሱስ ድንጋይ?»

«ተወረወረ። አንድ አፍ፣ አንድ ድንጋይ። ደንቡን ያወጣው ራሱ።»

ለምን ሌላ ሰው ለእኔ እንዲመልስ አልጠየቀም አልኳት።

«ጠይቋል። ከሐሙስ በኋላ ለእርስዎ ‹አለ› የሚል ሰው ጠፋ» አለች። «ከቤታችን አንድ ሰው እንዳቆምልዎ እኔንም ጠይቆኝ ነበር። እኔም እሺ አላልኩም።»

ሾርባው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። የዓሣውን ነገር ሳልጠይቃት ራሷ ነገረችኝ፤ ለማትሪክ ሒሳብ ያስጠናት ነበር፣ ክፍያ አልቀበልም ስላላት በየቅዳሜው ዓሣ ትሰቅልለታለች። ይህችን ለማወቅ አንድ ጥያቄ ነበር የሚበቃኝ። ከርካሹ መጀመር ማለት ይህ ነበር።

ወደ ጎን ቤት ሄድኩ። ገብረየስ ሻዩን ያለ ስኳር እየጠጣ ደብተር ያርማል። ሰኞ ዕለት ቢሮ ጠርተውት እንደነበረ፣ ስለ ድንጋዩ ሦስት ገጽ እንዳስጻፉት፣ በዓመቱ መጨረሻ ነጌሌ ቦረና እንደሚዛወር እንደነገሩት ቀስ ብሎ አጫወተኝ። ከዚህ የባሰ ሊመጣ ይችል እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። ስምህን ያስጻፍኩብህ እኔ ነኝ አልኩት። ቀና ሳይል «አውቃለሁ» አለ።

«ለምን እንዳደረግከው ሦስት ግምት ነበረኝ። ትጠላኛለህ፣ ወይ ሹመት ፈልገሃል፣ ወይ ታቢታን ትወዳለህ። የመጨረሻው ርካሽ ነበር። ሆስፒታል እጅህን ይዤ ስሟን ጠራሁና የደም ሥርህን ምት ቆጠርኩ። ከሰማንያ አራት ወደ መቶ አሥራ ስድስት።»

«ትኩሳቱ ይሆናል» አልኩ።

«እሱንም አስቤ ነበር። ቆይቼ የኩማን ስም ጠራሁ። ሰማንያ አራት።»

ሳልፈልግ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊዞርብኝ ሆነ። ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት ብዕሩን አስቀመጠና እንደ ልማዱ «እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

ያን ዓረፍተ ነገር በማግስቱ አሞራ ገደል ሄጄ፣ ሚዛኑ ፊት ቆሜ፣ ሳላርመው ተናገርኩት። ታቢታ መጀመሪያ ዓሣውን መዝና ጨረሰች። «ለእርስዎ ‹አለ› ያለው ሰው ከአባቴ ጋር ይነጋገር» አለችኝ። እንግዲህ ሽምግልናውንም እሱ ያዘው። አባቷ ሦስት ጊዜ መለሱት፤ በአራተኛው ሻይ አፈሉለት። እናቴን ያሳመናት ደግሞ በምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በዚያም ቀናሁ። እኔን እናቴ ሰምታኝ አታውቅም።

የዝውውሩ ደብዳቤ ሰኔ ላይ መጣ። ያኔ አንድ የማላውቀው ነገር ሆንኩ። ቅናቴ አልለቀቀኝም፤ አድራሻ ነው የቀየረው። በነጌሌ ቀናሁ። ነጌሌ የሚባል አገር ሰዎች አንድ ጠዋት ተነስተው ተሰልፈው ሳለ፣ ይህ ሰው መጥቶ የሻጫቸውን ካፖርት ሊያነብላቸው ነው። በነጻ። እነሱ ምን ሠርተው? እኛ ኩማ ጋ ብቻችንን ልንቀር ነው። እኔም ያንን ሁሉ ከግድግዳው ወዲያ የሚመጣ ፉጨት ሳልሰማ ልተኛ ነው። የፈለግኩት ይህንን እንደነበር አስታውስና ራሴን መምታት ያምረኛል።

የነጌሌ አውቶቡስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። ትኬት በዋዜማው ከቀኑ በአሥር ሰዓት መናኸሪያ ይቆረጣል፤ እዚያም ድንጋይ ይሰለፋል፣ እዚያም ይቆጠራል። የገብረየስ ደንብ በአንድ ዓመት ውስጥ መናኸሪያ ደርሶ ነበር። ገብረየስ ጠዋት ድንጋዩን አስቀምጦ ተማሪዎቹን ሊሰናበት ሄደ። እኔ ተከትዬ ሄጄ ድንጋዩን አነሳሁና ኪሴ ከተትኩት። ሌባ ሆንኩ። አሥር ሰዓት ላይ ሲመለስ ቦታው የለም፤ ሊከራከርም አልቻለም፣ በገዛ ደንቡ ድንጋይ የሌለው ሰው ቦታ የለውም። ትኬት አለቀ። ሻንጣውን ይዞ ተመልሶ የቤቴ በር ላይ ቆመ።

«ሦስት ግምት አለኝ» አለ። «ከርካሹ ልጀምር። ኪስህን ገልብጥ።»

ገለበጥኩ። ድንጋዩን ተቀብሎ እያገላበጠ አየው። እኔንም አየኝ።

«አንተ ጋ እንዳለ ገምቼ ነበር» አለ። «ለምን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።»

«ነጌሌዎች ምን አደረጉልንና ነው አንተን የምንሰጣቸው?» አልኩት።

ሻንጣውን አስቀመጠ። ሦስት ቀን ሙሉ አብረን በላን፤ ግድግዳውን ማንኳኳት አላስፈለገውም።

በሦስተኛው ቀን ድንጋዩን ይዘን አብረን መናኸሪያ ሄድን። መስመሩ ውስጥ አስቀመጠውና ብስክሌቴን ወሰደ። ታቢታንና አስጋሪዎቹን ሳልሰናበት አልሄድም፣ ካልደረስኩ ጠብቅልኝ አለኝ። ድንጋዩን ኪሱ በከተተ ሌባ ላይ አደራ ጥሎ ወደ ሐይቁ ነዳ። አሥር ሰዓት ሆነ፤ እሱ አልመጣም። ቆጣሪው ከፊት ጀመረ። አንድ ቁጡ ሽማግሌ ነው፤ በእግሩ ነው የሚነካው። «የዚህስ?» «አለ።» «የዚህስ?» «አለ።» እየቀረበ መጣ።

ከእኔ የሚፈለገው ዝምታ ብቻ ነበር። መስረቅ እንኳ አያስፈልግም። ዝም ካልኩ ድንጋዩ ይወረወራል፣ ገብረየስ ሌላ ሦስት ቀን የእኔ ጎረቤት ይሆናል፣ ነጌሌ ይጠብቃል። በዚያ መስመር የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም፤ ማንም አይፈርድብኝም። ከታቦር ተራራ የመጣውን የገብረየስን ጥቁር ድንጋይ ቁልቁል አየሁት። እሱ ዘጠኝ ቀን ጠዋትና ማታ ማንም ሊጠራው የማይፈልገውን የእኔን ስም ይዞ፣ የራሱ ድንጋይ ሲወረወር ዝም ብሎ እያየ፣ እንዲህ ቆሞ እንደነበር አሰብኩ። ሰዉ ሁሉ እያየው።

«የዚህስ?» አለ ሽማግሌው። የሚመልስ ሲያጣ ድንጋዩን ሊመታ እግሩን አነሳ።

«አለ» አልኩ።